የባሕር በኩል መስኮት

«በባሕሩ በኩል ያለው ክፍል ስንት ገባ አልከኝ?» አለች ዘይቱና፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ። በቀኝ እጇ ቢላዋ፣ በግራዋ ገና ጭራውን የሚያማታ ቆሮሶ ዓሣ ይዛለች። ቅርፊቱ ከቢላዋው ሥር እየተፈናጠረ ሽርጧን አልፎ ጉንጯ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል።

«እትዬ ዘይቱና፣ የባሕሩን ነገር ይተዉት ብዬዎት አልነበር?» አለ ምንይችል ከደሴ። የጉዞ ወኪል ነው፤ የሰው ገንዘብ ሲያሰላ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ይመስል ድምፁ ያዝናል። «ዶላሩ ባለፈው ከተነጋገርንበት ወዲህ ከፍ ብሏል። አሁን በያዙት ብር፣ ትኬቱና ቪዛው ተነስቶ፣ ወይ የባሕሩን ክፍል ሁለት ሌሊት ነው፣ ወይ የጓሮውን አምስት ሌሊት። የጓሮውም ቢሆን ሸጋ ነው። ንጹሕ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ቁርስም ክፍልዎ ድረስ ይመጣል፤ በረንዳው ብቻ ነው የባሕሩን ክፍል ለያዙ የተተወ።»

«ከጓሮው መስኮት ምን ይታያል?»

«ከጓሮው... ሕንፃ ነው የሚታየው።»

«ምን ዓይነት ሕንፃ?»

«መኖሪያ ነገር። ልብስ የተሰጣበት ቢጫ ሕንፃ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ እኮ።»

ዘይቱና ቢላዋውን ጣውላው ላይ ሰካችው። ስለ ቢጫው ሕንፃ ለእሷ ማን ሊነግራት! ስድስት ዓመት የኖረችበት ነው።

«እስከ ስንት ሰዓት ትጠብቀኛለህ?»

«ቢሮ እስክንዘጋ። ከዚያ ወዲያ ግን የያዝኩልዎት ቦታ ይለቀቃል። ጥር ላይ ሙስካት ብርድ የሸሸ ፈረንጅ ሁሉ የሚሰፍርባት ከተማ ናት፣ ዋጋው እሳት ነው። ግንቦት ቢሉኝ በግማሽ አገኝልዎት ነበር።»

«ግንቦት ላይ ወፍ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት? የዚያን አገር ሙቀት በሠራተኝነቴ ጨርሼዋለሁ፣ ምንይችል። አሁን የምሄደው እንግዶቹ በሚሄዱበት ወር ነው።»

«እንግዲያውስ መጋቢት መግቢያ። ያኔም ረከስ ይላል።»

«ቁርስ የሚጨምር ሆቴል ይዤ በረመዳን ልሂድልህ? ቁርሱን ማን ሊበላው ነው?»

ምንይችል ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ሳቅ ሳቅ ይላታል፤ ቀኑ ቀረበ፣ ነገሩ እውነት ሆነ። «አብሽር፣ ሳትዘጋ እደውልልሃለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይቱና በኦማን ከተማ በሙስካት፣ በዚያ ቢጫ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አራተኛው ፎቅ ላይ የውጫሌዋ ልጅ ሰብለወንጌል ትሠራ ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት ልብስ ሲያሰጡ ነው። አንድ ቀን ከላይ የወደቀ ካልሲ ዘይቱና ገመድ ላይ አረፈና፣ «እቱ፣ ያቺን ካልሲ ጀባ በይኝማ!» የሚል የአምባሰል ድምፅ ከሰማይ ወረደላት። ዘይቱና የያዘችውን ባልዲ ለቀቀች። ከዚያን ቀን ወዲያ ካልሲ ሳይወድቅም ያወሩ ጀመር።

ከሁለቱም ማድ ቤት መስኮት ፊት ለፊት የአንድ ሆቴል ጀርባ አለ። ሆቴሉ ባሕሩን እንዳለ ጋርዶታል። የመርከቡን ጥሩንባ ይሰማሉ፣ ጨው ጨው የሚለው ነፋስ ልብሳቸውን ያደርቅላቸዋል፣ ባሕሩን ግን አያዩትም። የሚያዩት በሆቴሉ ጥግ ወጣ ያለውን በረንዳ ነው፤ ነጫጭ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ቁርስ የሚበሉ እንግዶች። እንግዶቹ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለቢጫው ሕንፃ፣ ፊታቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። አንዳንዱ ሹካውን እንደያዘ፣ እንቁላሉን ረስቶ፣ ፈዝዞ ይቀራል።

«ምን እያዩ ይሆን?» ትላለች ሰብለወንጌል ከላይ።

«ውሃ ነዋ!»

«ውሃ ብቻ ከሆነ እንቁላሉ እስኪቀዘቅዝ ምን አፈዘዘው? የሆነ ነገርማ አለ።»

በዚሁ ነው ውላቸው የጸናው። አንድ ቀን እንግዳ ሆነው ሊመጡ፤ ትንሽ ባለጎማ ሻንጣ እየጎተቱ፣ እጃቸው ላይ ሌላ ሸክም ሳይኖር። አልጋቸውን ሌላ ሰው ሊያነጥፍላቸው፣ ቁርሳቸውን ሌላ ሰው ሊያቀርብላቸው፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው እንግዶቹ የሚያዩትን ነገር ሊያዩ። ቅንጦት አልፈለጉም። ከተማውን በታክሲ መዞርም፣ ወርቅ መግዛትም አልነበረም ሐሳባቸው። መስኮትና ቁርስ ብቻ።

አገራቸው ሲመለሱ ያላቸውን አዋጥተው ሐይቁ ዳር ይህን የዓሣ ቤት ከፈቱ። የገበያውን ሰው ጥብስና ለብለብ እያበሉ እቁብ ገቡ፤ ስሙን «የቁርስ እቁብ» ይሉት ነበር። እቁቡ ሲወጣ ሁለቱም ድርሻቸውን ለመንገዱ አስቀመጡ። ባለፈው መጋቢት ግን ሰብለወንጌል ታመመች። ሆዴን አለች፣ ደሴ ወሰዷት፣ ሳትሰነብት ቀረች። ውጫሌ ቀበሯት። ዘይቱና በአርባው የሰብለወንጌልን ድርሻ በነጭ መሐረብ ቋጥራ ለእናቷ ለእማማ ተሾመች ሰጠችና፣ «ላም ይግዙበት» ብላ አልቅሳ ተመለሰች። የራሷን ድርሻ አልነካችውም። በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ እየጨመረች አሳደገችው።

ሐይቅ ከተማ ላይ ዓረብ አገር ማለት ሥራ ማለት ነው፤ ወይም ሐጅ። ስለዚህ ዘይቱና ልትሄድ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ግራ ገባው። «ጉድ! ተመልሳ ልትሠራ ነው?» ይላል አንዱ። «የለም፣ ልታርፍ ነው አሉ።» «ለማረፍ ዓረብ አገር?» እንዲህ እንደሚሉ አውቃ ነገሩን በሆዷ ይዛ ቆይታ ነበር። እስከ ትናንት።

ከትናንት ወዲህ ግን የዓሣ ቤቱ ጥግ በቋጠሮ ተሞልቷል። ይኸው አሁንም የጎረቤቷ የአሪፋ ድምፅ ከበር ላይ ተሰማ።

«ዘይቱናዬ! እንኳን አላህ ለዚህ አበቃሽ! ይቺን ለልጄ ለሳጂዳ!»

አሪፋ በሁለት እጇ አቅፋ ያመጣችውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው። የበርበሬ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ሳጂዳ የት ነው ያለችው?» አለች ዘይቱና እያስነጠሰች።

«ዓረብ አገር ነዋ።»

«ዓረብ አገር የት?»

«ቤሩት።»

«አሪፋ፣ እኔ የምሄደው ሙስካት ነው።»

«እሱስ ዓረብ አይደለም እንዴ?»

«ዓረብስ ዓረብ ነው። ግን ከሙስካት ቤሩት ሌላ አውሮፕላን ተሳፍረሽ፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጠሽ ነው።»

አሪፋ ከረጢቷን ትታ ወገቧን ያዘች። «ታዲያ ለአንዷ የኛ ልጅ ብትሰጫት፣ እየተቀባበሉ አያደርሱላትም? ከደላንታ ምስር የሚመጣልኝ እኔ ሄጄ ነው? ሰው ከሰው እየተቀባበለ ነው!»

ዘይቱና ከረጢቱን አንስታ ዓሣ የምትመዝንበት ሚዛን መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። መርፌው ሸርተት ብሎ ወረደ።

«ያ ረቢ! ይሄ ከአምባዛ ይከብዳል!»

«በውስጡ ሽሮም አለበት» አለች አሪፋ ኮራ ብላ። «ሰሞኑን ያስፈጨሁት ነው። ደግሞ ሻንጣሽ ሠላሳ ኪሎ ይፈቀድለታል አሉ፤ ላንቺ ምን ያህል ልብስ ነው የሚያስፈልግሽ?»

አሪፋ ስትወጣ ዘይቱና ቋጠሮዎቹን አየቻቸው። በሶ ለሪያድ። ድርቆሽ ለኩዌት። ማር ለጅዳ፣ ያውም በጠርሙስ። ከዚህ ሁሉ ለሙስካት የተላከው ሁለቱ ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ባለጎማ ሻንጣ፣ ሰማያዊዋ፣ ከደሴ የገዛቻት፣ በቋጠሮዎቹ መሃል እንደ ጥጃ ተጨናንቃ ቆማለች። ያለ ሸክም ልትሄድ ነበር ሐሳቧ። እንደገና ተሸካሚ ልትሆን ነው።

ቀትር ላይ ባሏ ኑርሁሴን ባጃጁን ደጃፉ ላይ አቁሞ ለምሳ ገባ። ቋጠሮዎቹን አየና ፉጨት አወጣ።

«ጨመሩ?»

«ምን ያፏጭሃል? አንተ ነህ ወሬውን ያወጣኸው!»

«ምን ላድርግ? የቅሬው ደንብ ነው። ከአገር የሚወጣ አባል ለዳኛው መናገር አለበት። በሌለሽበት ለቅሶ ቢወድቅ ተራሽን ማን ይወጣልሽ?»

«ለጋሽ ሙሐመድሁሴን በጆሮው ንገረው አልኩህ እንጂ፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ለፍፍ አልኩህ?»

«ወላሂ በጆሮው ነው የነገርኩት!» አለ ኑርሁሴን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ጆሮው አልሰማ ሲለኝ ጮህኩበት። ምን ላድርግ፣ ጉባኤው ሁሉ ዞር አለ።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ አመለጣትና በሽርጧ አፏን ያዘች። ዓሣውን አቀረበችለት። ኑርሁሴን እሾሁን እየለቀመ፣ አንገቱን ወደ ስልኳ አዘነበለ።

«ምንይችል ምን አለ?»

ነገረችው። ሁለት ሌሊት ከባሕሩ ጋር፣ አምስት ሌሊት ከጓሮው ጋር።

«ይሄማ ምን ያማክራል! አምስት ከሁለት አይበልጥም? ቁርሱም አምስት ይሆናል። አምስት ቀን ቁጭ ብለሽ ስትበዪ ውለሽ ትመጫለሽ።»

«ቁጭ ብዬ የራሴን ማድ ቤት ሳይ?»

ኑርሁሴን ጉርሻውን ይዞ ቆመ። ቢጫውን ሕንፃ በወሬ ያውቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አስቦት አያውቅም።

«የጓሮው መስኮት የሚያየው እኛን ነው» አለች ዘይቱና። «እኔ የቆምኩባትን መስኮት። ዛሬ ሌላ ልጅ ቆማባት ይሆናል። ገንዘብ ከፍዬ፣ አውሮፕላን ተሳፍሬ፣ እሷን ሳይ ልሰንብት? እሷም እኔን እያየች፣ ምን ታያለች ይህቺ ሴትዮ ስትል?»

«ታዲያ ሁለቱን ሌሊት ያዢው።»

«በሁለት ሌሊትማ ምኑን እንግዳ ሆንኩት! በደረስኩበት ቀን ድካም፣ በማግስቱ ሻንጣ ማሰር።»

«ውሃ ማየት ካማረሽ ይኸውልሽ ሐይቁ። በነፃ። ከፈለግሽ ቁርሱን እኔ አቀርብልሻለሁ፣ ጃንጥላም ይዤ እቆማለሁ።»

«አንተማ ና አብረን እንሂድ ስልህ እምቢ አልክ።»

«እኔ ከባጃጅ ከፍ ያለ ነገር አልሳፈርም፣ ታውቂያለሽ።» እጁን ታጥቦ ሲነሳ ግን ድምፁ ለስለስ አለ። «ዘይቱ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ብቻ ስትመለሺ ኩርፍ ብለሽ እንዳትመለሺ። ይሄን ያህል ዓመት የጠበቅሽው ነገር ነው።»

ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ዘይቱና ጠረጴዛውን እየጠረገች በልቧ ታሰላለች። ቁርሱን ብትተወው መስኮቱ ሦስት ሌሊት ይሆናል። ቁርስ የሌለው መስኮት ግን ምን ያደርጋል? የውልን ግማሽ አፍርሶ ግማሹን እንደማክበር ነው። ባጃጁን አስይዛ ብትበደርስ? አይሆንም፤ በዕዳ የተያዘ ቁርስ ጉሮሮ አይወርድም። ሐሳቧ ሲደክማት ደግሞ ደስታው ብድግ ይልባታል። የጓሮውም ቢሆን እኮ መሄድ ነው! አውሮፕላኑ ሲነሳ፣ «ስንት ቀን ይቆያሉ፣ እመቤት?» ሲላት የሆቴሉ ሰው... እመቤት! በዚያ ከተማ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም።

አንገቷን ቀና ስታደርግ በሩ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴት ቆመዋል። እማማ ተሾመች ናቸው። ከራስ እስከ እግር ጥቁር፤ ሻሻቸው ጥቁር፣ ነጠላቸው ጥቁር። ከውጫሌ በሚኒባስ መጥተው፣ ከመናኸሪያው በእግራቸው ወርደው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ውይ እማማ! ይግቡ፣ ይቀመጡ! ምነው ሳይደውሉ? ኑርሁሴን ይመጣልዎት ነበር እኮ።»

«ወሬው ውጫሌ ሲደርስ እኔስ ለምን እቀራለሁ ብዬ ነው» አሉ ተሾመች እየተቀመጡ። ጥጉ ላይ ያለውን ክምር አዩና ፈገግ አሉ። «አገሩ ሁሉ ጭኖብሻል።»

ዘይቱና ሳታስበው የሴትዮዋን እጅ አየች። ባዶ ነው። ቋጠሮ የለም። ተሾመች ዓይኗን አይተው ገባቸው።

«እኔማ ለማን ልላክ ልጄ? የኔዋ ተመልሳ አልነበር።»

ዘይቱና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ ሐይቁ ዞሩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ መረብ እያጠፈ፣ ዳሩ ላይ ካለ ሰው ጋር ይሰዳደባል፤ ሳቃቸው በውሃው ላይ እየተንከባለለ ይመጣል።

«የትኛውን ክፍል ያዝሽ?» አሉ ተሾመች በድንገት።

«እ?»

«ክፍሉን ነዋ። ነጭ ጃንጥላዎቹ ካሉበት በረንዳ በላይ ነው ወይስ በዚያኛው ጎን? ሰብልዬ ከሁሉም ያ ከዳር ያለው ጃንጥላ ይሻላል ትል ነበር፣ ነፋስ ያገኘዋል ብላ። እንቁላሉን ትቶ ፈዝዞ የሚቀረው ራሰ በራው ሰውዬስ አሁንም ይመጣ ይሆን?»

ዘይቱና አፏን ከፍታ አየቻቸው። ራሰ በራውን ሰውዬ እሷ ራሷ ረስታው ነበር።

«ሁሉንም ነግራዎታል?»

«ማታ ማታ ሌላ ወሬ ነበራት? ያንን ሆቴል ከውጫሌ ገበያ ይልቅ አውቀዋለሁ።» ከነጠላቸው ሥር ነጭ መሐረብ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ዘይቱና ቋጠሮውን አወቀችው፤ ያሰረችው ራሷ ናት። «ላም ግዢበት ብለሽኝ ነበር። አልገዛሁም። ይሄ ገንዘብ ላም ለመሆን አልተቆጠበም። ዶላር ተወደደ አሉ፤ የጎደለውን ሙዪበትና የባሕሩን በኩል ያዢ።»

«እማማ፣ ይሄማ አይሆንም። የርስዎ ነው።»

«የኔ ከሆነማ የፈለግሁትን ላድርግበት። ምን እንደሚያዩ አይተሽ ነይና ንገሪኝ። ሌላ ነገር አልልክሽም። ልጄ ምን እያዩ ይሆን ስትል ኖራ ነው የሄደችው።»

ዘይቱና መሐረቡን ይዛ ቀረች። አሁን ነገሩ ሞልቶላታል። አምስቱም ሌሊት፣ ባሕሩም፣ ቁርሱም፣ በእንግዶቹ ወር። «አደራዎን» ብላ መሐረቡን ወደ ደረቷ ማስገባት ብቻ ነው የቀራት። ጥጉን አየች። በርበሬ ለቤሩት፣ በሶ ለሪያድ፣ ማር ለጅዳ። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ዓይናቸውን ሊልኩ ነው የመጡት፤ ተሸክማ ወስዳ፣ ሞልታ እንድትመልስላቸው። ምን ብላ ትነግራቸዋለች? ውሃ ነው? ሰብለወንጌል ያን መልስ አልተቀበለችውም፤ እናቷም አይቀበሉትም።

ስልኳን አነሳች።

«ምንይችል፣ የጥርን ቦታ ልቀቀው።»

«ምነው እትዬ! ቦታውን በስንት ልመና ነው የያዝኩት!»

«ልቀቀው። ግንቦት ላይ አድርግልኝ። የባሕሩን በኩል፣ ሁለት አልጋ።»

«ሁለት? ኑርሁሴን እሺ አለ?»

«ኑርሁሴን አይደለም። እናቴ ናቸው፣ ከውጫሌ።»

ተሾመች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ምን አልሽ? እኔን? ልጅቷ አብዳለች! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ላደርግ? የሰብልዬ ሙት ዓመት እንኳ ገና አልወጣ!»

«በመጋቢት ይወጣል፣ እማማ። ግንቦት ከመጋቢት በኋላ ነው።»

«እትዬ ዘይቱና፣ ሙቀቱስ?» ይላል ምንይችል በዚያ በኩል።

«ሙቀቱን ለኔ አታውራልኝ፣ ልብስ አስጥቼበታለሁ። እንግዳ በጥላ ነው የሚቀመጠው። አሁን አስላልኝ።» ከመሐረቡ የሚገኘውን ነገረችው። በስልኩ ውስጥ የመደመሪያው ማሽን ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል።

«ግንቦት በግማሽ ነው ያልኩዎት ይሄን ነው!» አለ ምንይችል፤ ሐዘንተኛው ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «የባሕሩ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ አራት ሌሊት ይወጣዋል። ትንሽ እንኳ ይተርፍዎታል። ከዐረፋ በፊት ትመለሳላችሁ።»

«ቁርሱ?»

«ለሁለት ሰው።»

ተሾመች ግን መቆማቸውን አልተዉም። «ቅሬዬን ማን ይወጣልኛል? ደጄን ማን ይጠብቅልኛል? ደግሞ እኔ የዓረብ ቁርስ ምን እበላለሁ፣ ጾሙስ?» አሉና በጣታቸው አንድ ነገር ይቆጥሩ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ፋሲካ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው... ግንቦት ሲገባ...» ጣታቸው ቆመ። «በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም።»

ዘይቱና ስልኩን ይዛ በዝግታ አየቻቸው። መቁጠር ከጀመሩማ አለቀ!

«እንቁላሉን መብላት ይችላሉ ማለት ነው?» አለች።

«ቢቀዘቅዝም» አሉ ተሾመች፤ አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ከመጋቢት ወዲህ ሰው ያልሰማባቸውን ሳቅ ሳቁ። ዘይቱና እየሳቀች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ክንዷ ላይ የነበረው የዓሣ ቅርፊት ዓይኗ ሥር ተለጠፈ።

«እትዬ፣ አሉ?» አለ ምንይችል። «ፓስፖርታቸው እስከ ግንቦት በደንብ ይደርሳል። መታወቂያቸውን ያሳድሱ። ለመታወቂያውም ለቪዛውም ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ ቢነሱና አንዱን ቢልኩልኝ ጥሩ ነው።»

ኑርሁሴን ባጃጁን ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ፎቶ ቤት» አለች ዘይቱና።

«ማን ሊነሳ?»

«እንግዳዋ።»

መንገድ ላይ ነገሩን ሰማ። ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመና ዞሮ ተሾመችን አያቸው። «እማማ፣ አውሮፕላን አይፈሩም?»

«አንተ ስትነዳ አምስት ጊዜ ተሳፍሬያለሁ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?»

«ወይ ጉዴ!» አለ ኑርሁሴን። ከዚያ ማሰቡ አልቀረም። «ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሻንጣው ስድሳ ኪሎ ሆነ ማለት አይደል? ለአሪፋ እንዳትነግሩ።»

«የሙስካቶቹን ሁለቱን እወስዳለሁ» አለች ዘይቱና። «የቀሩትን ሁሉ ነገ አዙረህ ለባለቤቶቹ ትመልሳለህ። በጆሯቸው ንገራቸው። እንዳትጮህ።»

ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት። ፎቶ አንሺው ነጩን መጋረጃ ዘርግቶ ለተሾመች ወንበር አቀረበላቸው። ተቀመጡ። መብራቱ በራ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱና ጥቁሩን ሻሽ ዳበሱት።

«በዚህ አልነሳም» አሉ።

«ይቻላል እኮ እማማ፣ ፊትዎ ከታየ ምንም አይልም» አለ ፎቶ አንሺው።

«አንተማ ይቻላል ትላለህ። ይሄ ፎቶ እዚያ አገር ድረስ የሚሄድ ነው። ሰብልዬ ከፎቅ ላይ ሆና ያየችው አገር ነው፤ ከል ለብሼ ልቀርብላቸው?» ወደ ዘይቱና ዞሩ። «ያንን የራስሽን ስጪኝ።»

የዘይቱና ሻሽ ቢጫ ነው፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ አበባ ያለበት። ፎቶ አንሺው ሳይጠየቅ ወደ ደጅ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ተለዋወጡ። ተሾመች ቢጫውን አሰሩ። ዘይቱና ጥቁሩን አጣፍታ ተከናነበችው። ለጓደኛዋ አንድም ቀን ከል አልለበሰችም ነበር፤ የሰፈሩ ወግ ለእህት እንጂ ለጓደኛ አያለብስም። ጨርቁ የጢስና የአደስ ሽታ ነበረው። ለአንድ አፍታ ያህል ዓይኗን ጨፈነች።

«አይሳቅም እማማ» አለ ፎቶ አንሺው ተመልሶ። «የቪዛ ፎቶ ላይ አይሳቅም።»

«አልሳቅሁም እኮ።»

«ጥርስዎ ይታያል።»

ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዓይናቸው ግን መሳቁን አልተወም። ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደገመ፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «ይሁን» አለ።

ሲወጡ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጥግ ተጠግታለች። የመጨረሻው የውጫሌ ሚኒባስ ረዳት «ውጫሌ! ውጫሌ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ኑርሁሴን ባጃጁን አቆመ። ዘይቱና ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ለተሾመች ዘረጋችላቸው። የሽርጧን ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች።

ተሾመች ሻሹን ተቀበሉ። አዩት። ቀስ ብለው ከብብታቸው ሥር ከነጠላቸው ጋር አጣበቁት።

«ሙት ዓመቷ እስኪወጣ መልበሴ አይቀርም» አሉ። «ሰፈር ስደርስ አስረዋለሁ።» አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ አወጡና፣ ቢጫውን ሻሽ በጣታቸው ጠበቅ አደረጉት። «እስከ ውጫሌ ግን በዚህ ልሂድ።»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ተሾመች ከሁለቱ ባዶ ወንበሮች መርጠው፣ በሐይቁ በኩል ካለው መስኮት ሥር ተቀመጡ።